ከላምበረት እስከ አንኮበር፦ ለአንድ የክርስትና ካርድ የተደረገ ጉዞ

በጥር ወር ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ሸዋ የሚወጣ ሰው ሁሉ ሰርግ የተጠራ ይመስላል። የአውቶቡሱ ረዳት ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ሲጭን «የሙሽራው ወገን ነህ የሙሽሪት?» ብሎ ጠየቀኝ። የማንም ወገን አልነበርኩም፤ ወረቀት ላመጣ ነበር የምሄደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንኮበር ተወልዶ ያደገው የአክስቴ ልጅ በ2007 ዓ.ም.፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ በመተማ በኩል ከአገር ወጣ። ሱዳንን፣ ሊቢያንና ባሕሩን አልፎ ጣሊያን ሲገባ አሻራውን ሰጠ። ሁለት ክረምት ጎዳና ላይ ካደረ በኋላ ወደ ጀርመን ተሻገረ። የአውሮፓ አገሮች «የደብሊን ደንብ» የሚሉት ሕግ አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የጥገኝነት ጥያቄን የሚያየው ስደተኛው መጀመሪያ የገባበት አገር ነው። ስለዚህ ጀርመን ወደ ጣሊያን እንዲመለስ ወሰነችበት። በዚህ መሐል አንዲት የባቫሪያ ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለች የሉተራን ቤተ ክርስቲያን በሯን ከፍታ አስገባችው። ከግቢዋ ከወጣ ፖሊስ ይይዘዋል፤ ግቢዋ ውስጥ እስካለ ድረስ ግን አይነኩትም።

ጀርመኖቹ ይህን «ኪርሸንአዚል» ይሉታል፤ የቤተ ክርስቲያን ጥገኝነት እንደ ማለት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 በርሊን ውስጥ የተጀመረ ልማድ ሲሆን ሕግ አይደለም። ፖሊስ በሩን ገፍቶ ቢገባ የሚከለክለው አንቀጽ የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም እንጂ። ከ2010 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ነገሩን አጥብቆት ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ ስለ እንግዳዋ ዝርዝር ዶሴ አዘጋጅታ ለፌዴራሉ የስደተኞች መሥሪያ ቤት ማቅረብ ነበረባት። ዶሴው ውድቅ ሆኖ ልጁ በ3 ቀን ውስጥ ካልወጣ፣ ወደ ጣሊያን የሚመለስበት የ6 ወር ጊዜ በዚያን ጊዜው አሠራር ወደ 18 ወር ይራዘም ነበር። 6ቱ ወር ካለፈ ግን ጉዳዩን ጀርመን ራሷ ማየት ግድ ይሆንባታል። የእርሱ 6 ወር የሚሞላው ሚያዝያ 23 ቀን ነው። ለዶሴው የልደት ወይም የክርስትና ማስረጃ አስፈለገ። ሰነድ መተርጎም እንጀራዬ ነውና ቤተሰቡ «አንተው ሂድ» አለኝ።

ዓርብ፣ ጥር 17 ቀን 2011 — ላምበረት፣ ሸኖ፣ ደብረ ብርሃን

ከላምበረት መናኸሪያ እስከ ደብረ ብርሃን 60 ብር ከፈልኩ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለምሳ እደርሳለሁ ብዬ ነበር። ሸኖ ልንገባ ስንል ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ከጣሪያ ሲወርድ እርሱም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ረዳቱ ጎማውን እያንከባለለ ወደ ከተማ ሄደ፤ እኛም የታጨደ ገብስ ማሳ ዳር አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥን።

አንድ ጎልማሳ ተሳፋሪ ጋዜጣ ይዞ ስለነበር ጮክ ብሎ ያነብልን ጀመር። ጥር 9 ቀን ምክር ቤቱ ያጸደቀው የስደተኞች አዋጅ ነው። በኢትዮጵያ የተጠለሉት ከ900 ሺህ በላይ ስደተኞች ከእንግዲህ ሥራ መሥራት፣ ከካምፕ ውጭ መኖር፣ መንጃ ፈቃድ ማውጣት፣ ልጆቻቸውን ማስመዝገብ ይችላሉ ይላል።

«ለእኛ ልጆች ሥራ ሳይገኝ?» አለ ሾፌሩ ከአውቶቡሱ ሥር።

ተሳፋሪው ግማሹ ደገፈው። እኔ ደግሞ ይህችን አረፍተ ነገር ከዚህ በፊት ተርጉሜያታለሁ፤ የጀርመን ፖለቲከኞች ንግግር ውስጥ ቃል በቃል አለች። አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት ግን «የእኔ ልጅ ቤይሩት ናት» አሉ፤ «እዚያም ስለ እርሷ እንዲህ እየተባለ ይሆናል።» ሾፌሩ ምንም ሳይመልስ ብሎን ማላላቱን ቀጠለ።

ሸኖ ላይ ቅቤ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። ዓርብ ነው ብላቸው አንዷ «መግዛት ጾም አያስፈታም» አለችኝ። ልክ ናት። ግማሽ ኪሎ ለጋ ቅቤ በ140 ብር ገዛሁ። ላሞች ላሏቸው አክስቴ ከከተማ ቅቤ ይዤ መሄዴ የታወቀኝ ጫጫ ስንደርስ ነው። ምኒልክ የተወለዱባትን አንጎለላን በዚሁ ጸጸት ውስጥ ሆኜ አለፍኳት።

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በጥር ማታ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። 180 ብር የከፈልኩበት ሆቴል ሙቅ ውኃ «ነገ ይመጣል» አለኝ። ሽሮ በ35 ብር፣ የአገሬው አረቄ አንዱ መለኪያ 5 ብር። አረቄው ከሙቅ ውኃው የበለጠ የታመነ ነው።

ከእራት በፊት ወደ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። የከተማዋን ስም ታሪክ ልጅ ሆነን ሁላችንም ተምረነዋል፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰማይ የወረደ ብርሃን አይተው ደብር ተከሉ። ዜና መዋዕሉ ግን ቀኑን ይቆጥራል። ብርሃኑ የታየው መጋቢት 10 ሲሆን፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በንጉሡ ትእዛዝ በድንጋይ ከተወገሩ በ38ኛው ቀን ነው። ከተከሰሱባቸው ነገሮች አንዱ ለንጉሥ አንሰግድም ማለታቸው ነበር። እኛን ስለ ብርሃኑ እንጂ ስለ ድንጋዩ ያስተማረን የለም።

ቅዳሜ፣ ጥር 18 — ብርድ ልብስና የሰርግ ጭፈራ

ለአክስቴ ግራጫ የሱፍ ብርድ ልብስ በ420 ብር ገዛሁ፤ የቅቤውን ስሕተት ላካክስበት ብዬ ነው። በባለ ሱቁ ግድግዳ ላይ በሚያዝያ 2007 ሊቢያ ውስጥ የተገደሉት ወንድሞቻችን ሥዕል ተሰቅሏል፤ ብርቱካንማ ልብስ ለብሰው በባሕር ዳር ተንበርክከዋል። ቅዱስ ሲኖዶስ ሰማዕታት ብሏቸዋል። የአክስቴ ልጅ ቤቱን ጥሎ የወጣው በዚያው ዓመት ስለሆነ፣ ያን ሰሞን አክስቴ ከቴሌቪዥኑ ፊት አልነቃነቅ ብለው ፊቶችን ሲፈልጉ ነበር የከረሙት።

ወደ አንኮበር በሚኒባስ 35 ብር ነው። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አብዛኛው ኮረኮንች፣ አቧራው በተዘጋ መስኮት የሚገባ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ የሰርግ አጀብ ገጥሞን ቆምን። ሚዜዎቹ መንገዱን ዘግተው ሲጨፍሩ ሾፌራችን ጥሩምባ ነፋ፣ ሰደበ፣ በመጨረሻም ወርዶ አብሯቸው ጨፈረ። 40 ደቂቃ ሄደ። ሲመለስ ላብ አጥምቆት «ዘመዴ ነው» አለን። ማንም አላመነውም።

አክስቴ ቤት ስደርስ መሽቷል። እግሬን አሳጥበው የገብስ እንጀራ በባቄላ ሽሮ አቀረቡልኝ። ቅቤውን ሲያዩ ሳቁ፤ ጎረቤት ጠርተው አሳዩብኝ። ብርድ ልብሱን ግን አሽትተው ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ከአዲስ አበባ ጀምሮ የፈራሁት ጥያቄ መጣ።

«ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው የሚተኛው?»

አይደለም፣ ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ያለ የሰበካው አዳራሽ ነው፣ እንደ እኛ ደጀ ሰላም ቁጠሩት አልኳቸው። ትንሽ ቀለል አላቸው።

«ታቦት አለ እዚያ?»

«የለም፤ ሉተራኖች ታቦት የላቸውም።»

«ታዲያ ምን ይጠብቀዋል?»

መልስ አልነበረኝም። ሕግ አይጠብቀውም። ፖሊሶቹም አይፈሩም። ይሉኝታ ነው ልል አሰብኩና ተውኩት፤ ይሉኝታ በጀርመንኛ ምን እንደሚባል እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

እሑድ፣ ጥር 19 — ማኅተሙ

ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ደጀ ሰላም ውስጥ ተቀበሉኝ። የክርስትና መዝገብ አምጡ ብዬ ባስቸግር፣ መዝገብ የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. ነው አሉኝ። ልጁ የተጠመቀው በ1989 ነው። ስለዚህ ሰው ተላከና የክርስትና አባቱ ከአውድማ ተጠርተው መጡ፤ ጢማቸው ላይ እብቅ ነበረበት። በ40 ቀኑ እኔ ነኝ የታቀፍኩት አሉ። ቀኑን? «ግንቦት ሚካኤል።» እርግጠኛ ነዎት? «ያን ዕለት በሬዬ ገደል ገባ። እንዴት ልርሳው?»

አባ ካርዱን በእጃቸው ጻፉ፤ ፊደላቸው የብራና ጸሐፊ ፊደል ነው፣ ሐመሩ ሐ ከሃሌታው ሃ ጋር አይምታታም። የዓለም ስሙን ከላይ፣ የክርስትና ስሙን ከታች አደረጉት። የጀርመኑ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰው ናቸው እንዳይል ግርጌ ላይ ማብራሪያ ማከል እንዳለብኝ ያኔውኑ በማስታወሻዬ ጻፍኩ።

ማኅተም ላይ ሲደረስ የቀለሙ ሰፍነግ ደርቋል። አባ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ ጫኑት፤ የመስቀሉ ጫፍ ብቻ ታየ። ትንፋሻቸውን እፍ አሉበት፤ ምንም የለም። ዲያቆኑ ውኃ ሊያመጣ ሲነሣ የክርስትና አባት «ውኃ ወረቀት ያበላሻል» ብለው ከካፖርታቸው ውስጥ ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። አረቄ ነው። ሦስት ጠብታ በሰፍነጉ ላይ አንጠባጠቡ። ሐምራዊው ቀለም ቀስ እያለ ከሥር ወደ ላይ ተነሣ፤ አባ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ማኅተሙን ረገጡት። ሙሉ መስቀል፣ ሙሉ ጽሑፍ። ካርዱ ገና ሳይደርቅ ደጀ ሰላሙ ሁሉ አረቄ አረቄ ሸተተ።

ክፍያ ስጠይቅ ለጧፍ 20 ብር ብቻ ወሰዱ።

ስንወጣ አባ የልጁን ነገር ጠየቁኝና ነገርኳቸው። እንደ አክስቴ አልተገረሙም። «እኛም ነበረን እኮ» አሉ። ድሮ ደም ያለበት ሰው አሳዳጅ ሲመጣበት ወደ ቅጥሩ ሮጦ ገብቶ ደወል ይደውላል፤ ተማጸነ ይባላል፤ ሽማግሌና ካህን በመሐል ገብተው እስኪያስታርቁ ማንም አይነካውም። በጎንደር የእጨጌ ቤት ሰፈሩ በሙሉ መማፀኛ ነበር፤ እጨጌው ደግሞ የዚሁ የሸዋው የደብረ ሊባኖስ አበምኔት ነበሩ። ኦሪትም የመማፀኛ ከተሞችን ታዛለች።

«ዛሬስ ሰው ይደውላል?» አልኳቸው።

ወደ ደወሉ ቀና ብለው አዩ። የአውቶሞቢል ቸርኬ ነው፤ በሽቦ ታስሮ ከወይራ ላይ ተሰቅሏል። «ዛሬ ሰው የሚሸሽበት ስልክ አለው» አሉ። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልለየሁትም።

ሰኞ፣ ጥር 20 — ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ

የልደት ማስረጃ ለማውጣት ቀበሌ ሄድኩ። መዝጋቢው ሰርግ ሄዷል፤ «ረቡዕ ተመለስ» ተባልኩ። የማን ሰርግ እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ሾፌራችን ሳያውቀው አይቀርም።

ስለዚህ አክስቴን ይዤ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ወጣሁ፤ ኢንተርኔት የሚይዘው እዚያ ነው ብለውናል። ዱካው ቀጥ ያለ ነው። 60 ዓመት ያለፋቸው አክስቴ በጎማ ጫማ ቀደሙኝ፤ እኔ በየመዞሪያው ዕይታውን የማደንቅ መስዬ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ዕይታው ግን በእውነትም ይደነቃል። በምሥራቅ ምድሩ ደረጃ በደረጃ ወርዶ ወርዶ የአፋር ሜዳ ጉም ውስጥ ይጠፋል።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እንግዶች የሚመጡት ከዚያ ነበር። ያለ ንጉሡ ፈቃድ ይህን ዳገት የሚወጣ ፈረንጅ አልነበረም፤ ያለ ፈቃዱ የሚወርድም እንዲሁ። ቪዛ ብንለው አያሳፍርም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1839 ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ የሉተራን ቄስ፣ በእንግሊዝ ሚሲዮን ማኅበር ተልኮ፣ ፈቃድ አግኝቶ ወጣ። ሦስት ዓመት ገደማ ተቀመጠ። በ1842 ለጉዳይ ሄዶ ሊመለስ ሲል ንጉሡ ከለከሉት። ከእርሱ በኋላ የመጡትን ካቶሊኩን አቡነ መስያስን ምኒልክ ከ1868 ጀምሮ አስጠልለው ሲያኖሯቸው፣ ዐፄ ዮሐንስ በ1879 ከአገር አስወጧቸው። ጀርመናዊ ቄስ አንኮበር ላይ በር ተከፍቶለት በር ተዘጋበት፤ አሁን የአንኮበር ልጅ ጀርመናዊ ቄስ ቤት ተቀምጧል። ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው «ታዲያ ብድር እየመለሱ ነው?» አሉ። ክራፕፍ መባረሩን ሳይሆን መስተናገዱን ነው የሰሙት። አላረምኳቸውም።

የ25 ብር ካርድ ሞልቼ በኢሞ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ተቋርጦ በአራተኛው ልጁ ታየ። ወፍሯል። ከጀርባው የብረት አልጋ፣ ማሞቂያው ላይ የተሰጣ ካልሲ ይታያል። አክስቴ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ስሙን ብቻ ነበር የሚጠሩት። ከዚያ አንዲት አጭር ፀጉር ያላቸው፣ ሹራብ የለበሱ ሴት ብቅ ብለው እጃቸውን አወዛወዙ።

«ቄሱ የታሉ?» አሉኝ አክስቴ።

«እሳቸው ናቸው ቄሱ።»

አክስቴ ስልኩን ጠጋ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩ። ልጃቸው እዚያ ማዶ ሳቁን አፍኗል። «ይሁን» አሉ በመጨረሻ፤ «እናት ከሆነች ይሻላል።» ከዚያም ተነሥተው ለስልኩ እጅ ነሡና «የልጄን ነገር ለእግዜርና ለእርስዎ ሰጥቻለሁ፤ ወልዶ የሳመ አይጣዎት» አሉ። በእንግሊዝኛ ስመልሰው ተራ ምስጋና ሆኖ ቀረ። ቄሷ ግን ከድምፁ ተረድተውት መሰለኝ፣ ዐይናቸውን ጠረጉ። ካርዱ አለቀ።

ማክሰኞ፣ ጥር 21 — አስተርእዮ ማርያም

የዓመቱ በዓል ስለሆነ ታቦት ወጣ፣ ነገሠ፣ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አክስቴ ቤት ጠላ ተጠምቆ ሰው ሞላ። አባ፣ አንድ መሪጌታ፣ ሁለት ደባትር፣ የክርስትና አባት፣ ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጡ ወጣቶች ነበሩ። የልጁ ነገር ተነሣ፤ ክርክሩም እስከ ማታ ዘለቀ።

መሪጌታ ሰውዬው ዝም ብለው የሚቀበሉ አይደሉም። «ነፍስ ሁሉ በበላይ ላሉት ባለ ሥልጣኖች ይገዛ» ብለው ጳውሎስን ጠቀሱ። «የጀርመን መንግሥት ውጣ ካለ ቄሷ ማን ናት? ቤተ ክርስቲያን ለመጣ ሁሉ ከተሰለፈች ዳኛ ምን ሊሠራ ነው? ድሮስ ቢሆን፣ ነፍሰ ገዳይ ቅጥር ገብቶ ሲማጸን የሟች እናት ከቅጥሩ ውጭ ታለቅስ አልነበረም?»

የመጨረሻውን መልስ አጣሁለት፤ አሁንም የለኝም። ስለ ጳውሎስ ግን የማውቀው ነበረኝ። ባለፈው ሰኔ የአሜሪካ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ጄፍ ሴሽንስ፣ ድንበር የተሻገሩ ወላጆችን ከልጆቻቸው የሚለየውን ፖሊሲ ሲከላከል ይህንኑ ሮሜ 13ን ጠቅሶ ነበር። ከ2,000 በላይ ሕፃናት ከወላጆቻቸው የተነጠሉበት ወቅት ነው። እርሱ ራሱ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አባል ስለሆነ፣ ከ600 በላይ የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ካህናትና ምእመናን በቤተ ክርስቲያን ሕግ ክስ አቀረቡበት። ክሱ በኋላ ውድቅ ተደረገ። የካቶሊክ ጳጳሳትም ተቃወሙ። ሁሉም ግን አልተቃወመም፤ የድንበሩን ግንብ የሚደግፍ የአሜሪካ ወንጌላዊ ምእመን ብዙ ነው፣ እርሱም መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል።

«የገዛ ምእመናኑ ከሰሱት?» አሉ መሪጌታ። ክሱ ሳይሆን ድፍረቱ ነው የገረማቸው።

ከዚያ የሄጉን ነገር አወራኋቸው፤ የሞቀው ያኔ ነው። ሆላንድ ውስጥ፣ ዘ ሄግ ከተማ፣ ወደ አርመን ሊመለስ የተፈረደበት የ5 ሰዎች ቤተሰብ ቤቴል በምትባል የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ተጠልሏል። በአገሪቱ ሕግ ፖሊስ አምልኮ እየተካሄደ ቤተ ክርስቲያን መግባት አይችልም። ስለዚህ ከጥቅምት 16 ጀምሮ አምልኮውን አላቆሙትም። ሌሊትም ቀንም፣ ከ600 በላይ ሰባኪዎች ተራ እየገቡ፣ ከሌላ አገር ሳይቀር እየመጡ። ዛሬ 95 ቀን ሞላቸው።

ደባትሩ ጠላውን አስቀመጡ።

«ሌሊቱን ማን ይመራል?»

«እንደ ሰዓታት ነው፤ በፈረቃ።»

«95 ቀን? ያለ ጸናጽል?» አለ ወጣቱ ደብተራ፣ ቅናት በተቀላቀለበት ድምፅ። ሁሉም ሳቀ። አባ ግን አልሳቁም። «እኛ በጽጌ 40 ቀን የምንቆመው ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ ለመሰደዷ መታሰቢያ እንደሆነ ጠፍቶት አይደለም። «ሄሮድስም በጊዜው ባለ ሥልጣን ነበረ» አሉ ወደ መሪጌታ ሳይመለከቱ። መሪጌታ ጠላቸውን አነሡ።

ይህን ያህል ዓመት ማኅሌት ስሰማ ስደቱን እንደ ታሪክ እንጂ ለቀበሌ ወይም ለኤምባሲ እንደሚነገር ቃል ሰምቼው አላውቅም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ለሚሰደደው ትናገራለች፤ አትሂድ፣ ባሕር ይበላሃል ትላለች፤ እውነቷን ነው። ሲሞት ደግሞ ታለቅስለታለች፣ ሰማዕት ትለዋለች። ለሚያባርረው ወይም ለሚያስኬደው ስትናገር የሰማሁት ግን ጥቂት ነው። ይህን ባልኩ ጊዜ አባ «የእነሱ ለመንግሥት የሚናገሩት ስለማይታሰሩ ነው» አሉኝ። የክርስትና አባት ወደ ኮረብታው ጠቆሙ፤ «ደቂቀ እስጢፋኖስስ?» ለካስ እሳቸው ያውቁታል፤ ድንጋዩን።

አንዱ ወጣት እስከዚያ ዝም ብሎ ቆይቶ የራሱን ጥያቄ አመጣ። አብያተ ክርስቲያናት ሰው በአውሮፕላን በሕጋዊ ቪዛ ጣሊያን የሚያስገቡበት መንገድ አለ መባሉን ሰምቷል፤ እንዴት ነው የሚመዘገበው? እውነት ነው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ካቶሊክ ጳጳሳትና ሳንት ኤጂዲዮ የተባለው ማኅበር ከመንግሥታቸው ጋር ተፈራርመው 500 ሰው ከኢትዮጵያ እንዲወስዱ ተፈቅዶላቸዋል። ችግሩ፣ ሰዎቹ በኢትዮጵያ የተጠለሉ የኤርትራ፣ የሶማሊያና የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ናቸው።

«ኢትዮጵያዊስ?»

«ኢትዮጵያዊ በአገሩ ስደተኛ አይደለም።»

«ጥሩ» አለ፤ «ሐሳቡ እንኳን ደስ ይላል።» ብርጭቆውን ለአክስቴ ዘረጋ፤ ሞሉለት።

ረቡዕ፣ ጥር 22 — መመለሻ

መዝጋቢው ከሰርጉ አልተመለሰም። በክርስትና ካርዱ ብቻ እንለፍ ብዬ ሻንጣዬን ዘጋሁ። አክስቴ ሳጥናቸውን ከፍተው ብርድ ልብሱን መልሰው ሰጡኝ። «ለእርሱ ላክልኝ፤ ያ ብረት አልጋ ቀዝቃዛ ነው።» ማሞቂያ እንዳለው፣ ካልሲው ራሱ የተሰጣው ማሞቂያው ላይ እንደሆነ ብነግራቸው አልሰሙኝም። ከብርድ ልብሱ ጋር 2 ኪሎ ቆሎ፣ በሶና ያ የሸኖ ቅቤዬ ተጨመሩ፤ አንጥረውት፣ በእርድ ቢጫ ሆኖ።

የመመለሻው መንገድ ምንም አልገጠመውም። ማታ አዲስ አበባ ስደርስ ስልኬን ከፍቼ ወሬ ስፈልግ፣ በሄግ ያለው አምልኮ ያን ዕለት መቆሙን አነበብኩ። የሆላንድ ገዢ ፓርቲዎች ለብዙ ዓመት አገሪቱ ውስጥ ያደጉ የስደተኛ ልጆችን ጉዳይ እንደገና ለማየት ተስማምተዋል። 96 ቀን ሞልቶ ቆመ።

በማግሥቱ ካርዱን ለመተርጎም ስዘረጋው አሁንም አረቄ ይሸታል። «ግንቦት 12 ቀን 1989» የሚለውን ወደ ሜይ 20 ቀን 1997 መለስኩት፤ ስለ በሬው ምንም አልጻፍኩም። ፖስታውን ለመላክ የሄድኩበት የመልእክት ድርጅት ለብርድ ልብሱ ብቻ ከ3,000 ብር በላይ ጠየቀኝ። ካርዱን ላክሁ፤ ብርድ ልብሱ አሁን ይህን የምጽፍበት ወንበር ጀርባ ላይ ነው። የሚሄድ ሰው እየጠበቅኩለት ነው።

አክስቴን ለማግኘት ግን ረቡዕ ማታውን ነበር የሞከርኩት። ስልካቸው የሚሠራው ከደጃቸው ካለው ወይራ ሥር ብቻ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ አገኘኋቸው። በሰላም መግባቴን ነገርኳቸው፤ ከዚያ የሄጎቹን።

«ጉዳያቸው እንደገና ሊታይላቸው ነው።»

«ጸሎቱ ቆመ?»

«ቆመ።»

ነፋስ ወይራውን ሲያንኮሻኩሸው በስልኩ ይሰማል።

«የእኛስ?»

«የእኛ እስከ ሚያዝያ 23 ነው።»

«ጊዮርጊስ» አሉ፤ ከንፈራቸው ሲቆጥር ሰማሁት። «ሦስት ወር ከአንድ ቀን።»